ደጃፋችሁ ላይ እንደምትሸጡት፦ ስለ ኦንላይን ሽያጭና ሥራን በሰው ፊት ስለ ማቅረብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እናቴ በርበሬ ስትሸጥ ማየት ደስ ይላል። ሰው ገና ደጃፍ ሲደርስ የባልዲውን ክዳን ትከፍትና "እስቲ ያሽትቱት" ትላለች። ዛላው ከማረቆ መምጣቱን ትነግረዋለች። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ራሷ መደለዟንም አትረሳም። ዋጋውን ትጠራለች። አንድ ኪሎ ሊገዛ የመጣው ሰው ሁለት ይዞ ይሄዳል።

ያችው እናቴ የቴሌግራም ቻናል ስንከፍትላት የመጀመሪያ ጽሑፏ እንዲህ ይል ነበር፦ "ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ጥራታቸውን የጠበቁ የባልትና ውጤቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብ መጀመራችንን ስንገልጽ በታላቅ ደስታ ነው።" በርበሬው የለበትም። ሽታው የለበትም። ዋጋው የለበትም። እናቴም የለችበትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አግዣለሁ። ልብስ ሰፊዎች፣ ጸጉር ሠሪዎች፣ ኬክ ጋጋሪዎች፣ ጫማ ሠሪዎች። ሁሉም ጋ ያየሁት ያንኑ ነው። ደጃፍ ላይ አንደበታቸው የሚጣፍጥ ሰዎች ስልክ ወይም ማይክ ሲጨብጡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። እነዚህ ጥያቄዎች ከእነሱ የሰማኋቸው ናቸው።

ከየት ልጀምር? ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም፣ ቲክቶክም፣ ኢንስታግራምም ልክፈት?

ሁሉንም አትክፈቱ። አራት ቦታ ከፍቶ ሦስቱን ከመዝጋት ሁለት ከፍቶ በየቀኑ መገኘት ይሻላል።

አንዱ ሰው የሚያገኛችሁ ቦታ ይሁን፣ ሌላው ሰው የሚገዛችሁ። ቲክቶክና ፌስቡክ እንደ መንገድ ናቸው። ሰው ሲያልፍ ያያችኋል፤ ነገ ላያገኛችሁ ይችላል። ቴሌግራም ቻናል ደግሞ እንደ ሱቅ ነው። ዕቃው ተደርድሮ ይቆያል፣ ሰው ወደ ላይ እየሳበ ያለፈውን ያያል፣ የፈለገውን ለእህቱ ይልካል። እያንዳንዱን ፖስት ስንት ሰው እንዳየው ደግሞ ከሥሩ ይጻፍላችኋል። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ አሳዩ፣ ቴሌግራም ላይ ሽጡ።

ፌስቡክ ከመረጣችሁ በግል ስማችሁ አካውንት ሳይሆን "ፔጅ" ከፍታችሁ ሥሩ። የግል አካውንት ከ5,000 ጓደኛ በላይ አይቀበልም፤ ማስታወቂያ መክፈል ቢያምራችሁም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በፔጅ ነው። ደንበኞቻችሁ ዓረብ አገር ወይም እስራኤል ያሉ ወገኖች ከሆኑ የዋትስአፕ የንግድ አካውንት ይጠቅማችኋል። በነፃ ነው፣ ዕቃ ከነዋጋው የምትደረድሩበት ቦታም አለው።

ዋጋ ልጻፍ ወይስ "በኢንቦክስ ያናግሩን" ልበል?

ጻፉ። እባካችሁ ጻፉ።

ይህን ጥያቄ ስሰማ ትንሽ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም በየቀኑ ገበያ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አንድ የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ሥር ያሉትን ኮመንቶች እዩ። "ዋጋ?" "ስንት ነው?" "ዋጋ ፕሊስ" "እህ ዋጋ?" አርባ ሰው ይጠይቃል። ሻጯ ለስምንቱ ትመልሳለች። ቀሪዎቹ ዋጋ የጻፈች ሌላ ሴት ጋ ሄደዋል። ሊገዙ የመጡ ሰዎች ነበሩ!

ለምን እንደማይጽፉ ስጠይቃቸው ሦስት ምክንያት ይሰጡኛል። አንደኛው "ተፎካካሪ ያየዋል" ነው። ተፎካካሪማ ያውቀዋል፤ ሰው ልኮ ጠይቋል። የማያውቀው ደንበኛው ብቻ ነው። ሁለተኛው "ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል" ነው። ይሄ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ቀን መጻፍ ነው። "ይህ ዋጋ እስከ መስቀል ይሠራል" በሉ። ሲቀየር ፖስቱን አስተካክሉት፤ ቴሌግራምም ፌስቡክም ይፈቅዳል። ሥራው በልክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ "ከዚህ ጀምሮ" በሉና ዋጋውን የሚያስጨምረው ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ግለጹ።

ሦስተኛውን ማንም አፉን ሞልቶ አይናገረውም። ይሉኝታ ነው። ዋጋ መጥራት ያሳፍረናል። "ተወደደ ይሉኛል" ብለን እንፈራለን። እናቴ ሱቋ ውስጥ ዋጋ ስትጠራ የማታፍረው ለምንድን ነው? ሰውየው በርበሬውን አይቶታል፣ አሽትቶታል፣ ስለ ድካሙ ሰምቷል። ዋጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኦንላይን ላይም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ ልፋቱ፣ ከዚያ ዋጋው። ዋጋው ብቻውን ሲቆም ይከብዳል፤ ከጎኑ ምክንያት ሲኖረው ይቀላል።

በነገራችን ላይ በሱቅ ውስጥ ዋጋ በግልጽ መለጠፍ ግዴታ ነው። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ ተቀምጧል።

እሺ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ጽሑፍ አልችልም።

ትችላላችሁ። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቃችሁን አስቡ። ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ስንት ነው? የት ነው? መቼ ይደርሳል? ሳይጠይቅ መልሱለት፣ በቃ።

አንዲት ሽሮ ሜዳ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ፖስቷን ይዛ መጣች። እንዲህ ይላል፦ "ምርጥ የሐበሻ ቀሚስ!!! ጥራት ከውበት ጋር!!! አሁኑኑ ይደውሉ!!!" እስቲ ለእኔ ሽጪልኝ አልኳት። ቀሚሱን ዘርግታ ማውራት ጀመረች። የምትለውን እንዳለ ጻፍኩት፦

"ጨርቁ መነን ነው። ጥልፉ በእጅ የተሠራ ነው፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። ከትከሻ እስከ ታች 1.40 ሜትር ነው፣ እንደ ቁመትሽ አሳጥረዋለሁ። ነጠላው ከነጥበቡ አብሮ አለ። 9,500 ብር። ለጥምቀት የምትፈልጊው ከሆነ እስከ ታኅሣሥ 20 እዘዢኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰፍቼ አላደርስም።"

ለጠፈችው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣላት መልእክት "ዋጋ?" የሚል ሳይሆን "ወገቤ 74 ነው፣ ይሆነኛል?" የሚል ነበር።

መጻፍ ከከበዳችሁ ስልካችሁን ድምፅ ቅጂ ላይ አድርጉና ለጓደኛ እንደምትሸጡ ተናገሩ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ገልብጡት።

አንድ የአማርኛ ጣጣ ግን አለ። ፊደሎቻችን ብዙ ናቸው። እናንተ "ፀጉር" ትጽፋላችሁ፣ ደንበኛዋ "ጸጉር" ብላ ትፈልጋለች። "ሐበሻ" እና "ሀበሻ"፣ "ዕቃ" እና "እቃ" እንዲሁ። ብዙ ጊዜ መፈለጊያው አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። ስለዚህ በቻናሉ መግለጫ ውስጥ ዋናውን ቃል በሁለቱም አጻጻፍ አስገቡ። በላቲን ፊደልም ጨምሩት፤ ብዙ ሰው በስልኩ የግዕዝ ኪቦርድ የለውም።

ስልኬ ተራ ነው። ፎቶ እንዴት ላሳምር?

መጀመሪያ የካሜራውን መስታወት ጥረጉ። እየቀለድኩ አይደለም። በርበሬ፣ ቅቤና ዱቄት የሚነካ እጅ የያዘው ስልክ ሁልጊዜ የተቀባ ነው፤ ፎቶው የሚደበዝዘው ስለዚህ ነው።

ከዚያ ወደ መስኮት ሂዱ። የቢጫ አምፖል ብርሃን ቀለም ያበላሻል፤ ነጭ ነጠላ ክሬም ይመስላል፣ አረንጓዴ ጥበብ ይጠቁራል። ደንበኛዋ ዕቃው ሲደርሳት "ፎቶው ላይ ሌላ ነበር" ትላለች፣ እውነቷንም ነው። ነጭ ልብስ ነጭ ግድግዳ ላይ አታንሱ፤ ይጠፋል። ግራጫ ወይም ቡናማ ጨርቅ ከኋላ ስቀሉ። ለማቅረብ በጣታችሁ አትሳቡ፤ ራሳችሁ ቅረቡ።

ሦስት ፎቶ ይበቃል። ሙሉውን፣ ጥልፉን ወይም ስፌቱን በቅርበት፣ ከዚያ ሰው ሲጠቀምበት። መጠኑ በፎቶ የማይታወቅ ዕቃ ከሆነ እጃችሁን አጠገቡ አድርጉ። የሌላ ሰው ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ "እንዲህ እንሠራለን" አትበሉ። ያልሠራችሁትን ቃል እየገባችሁ ነው።

ቪዲዮ ላይ መታየት አፍራለሁ።

አትታዩ። እጃችሁ ይታይ። ሊጥ የሚያቦካ እጅ፣ ቆዳ የሚሰፋ እጅ፣ ጸጉር የሚጎነጉን እጅ ከፊት ይልቅ የሚያሳምን ጊዜ ብዙ ነው። ስልኩን ቁሙን ይዛችሁ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቅረጹ። ሰላምታውን ተዉትና ከሥራው መሃል ጀምሩ። ሙዚቃ ከመጫን በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩበት። ረጅም ቪዲዮ የደንበኛውን ካርድ እንደሚበላ አስታውሱ፤ ዳታ ለሁሉም ርካሽ አይደለም።

ሱቄን ሰው አያገኘውም። አድራሻ እንዴት ልንገር?

የብዙዎቻችን ሱቅ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። "መገናኛ ነን" ማለት ምንም አይነግርም። መገናኛ ስንት ሰው አለ!

ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ጉግል ማፕ ላይ ንግዳችሁን አስመዝግቡ። በነፃ ነው። ትክክለኛ ባለቤት መሆናችሁን ለማረጋገጥ ብዙውን ጊዜ የቦታውን አጭር ቪዲዮ ይጠይቃችኋል፤ ከመንገዱ ጀምራችሁ እስከ በሩና እስከ ዕቃው ቅረጹለት። የሥራ ሰዓት ስትሞሉ ተጠንቀቁ፤ እሱ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምትከፍቱ ከሆነ 9 ብላችሁ ትሞላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ከታክሲ መውረጃው እስከ በራችሁ እየሄዳችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። "እዚህ ትወርዳላችሁ፣ ፋርማሲውን ታያላችሁ፣ በጎኑ ትገባላችሁ፣ ደረጃውን ሁለት ፎቅ ትወጣላችሁ፣ በስተቀኝ ሰማያዊው በር።" እሱን ቻናላችሁ አናት ላይ ፒን አድርጉት። "የት ናችሁ?" ብሎ ለደወለ ሁሉ ላኩለት።

በኮሪደር ልማት ምክንያት ቦታ የቀየራችሁ ደግሞ ካርታው ላይ ያለውን አሮጌ ምልክት ዛሬውኑ አስተካክሉ። የድሮ ደንበኛችሁ ፈርሶ ያየውን ቦታ ቆሞ "ዘጉ" ብሎ ሲመለስ ያሳዝናል። አልዘጋችሁም፤ አልነገራችሁትም እንጂ።

ቡስት ላድርግ? ፖስቴ ለብዙ ሰው እንዲታይ ልክፈል ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ያለ ክፍያ የሠራላችሁ ፖስት አለ? ካለ እሱን ቡስት አድርጉ። ከሌለ ገንዘባችሁን ያዙ። ማንም ያልፈለገውን ፖስት በገንዘብ ብታሳዩት የማይፈልጉት ሰዎች ይበዛሉ እንጂ ገዢ አይመጣም።

የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚፈልግ ብዙ ሰው በመካከለኛ ያስከፍላል። እንደዚያ ካደረጋችሁ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ። ፔጁ ላይ ማስታወቂያ ብቻ የመሥራት ፈቃድ ሰጥታችሁ ሲጨርስ አንሱት። "ስንት ላይክ መጣ?" ብላችሁም አትርኩ። ስንት ሰው ጻፈ? ስንት ሰው ደወለ? ማስታወቂያው የሚታየው የት ነው? ኬክ ጋጋሪ ከሆናችሁና ሱቃችሁ አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ከሆነ፣ ኬካችሁን ሐዋሳ ላለ ሰው ማሳየት ምን ያደርጋል?

ፎሎወር ልግዛ?

አትግዙ። ቴሌግራም ላይ 30,000 አባል ያለው ቻናል 200 ሰው ያየው ፖስት ሲለጥፍ ሁሉም ያውቃል። ቁጥሩ ጎን ለጎን ነው የሚታየው።

ድረገጽ ያስፈልገኛል?

ለአብዛኞቻችሁ አሁን አያስፈልግም። ለድርጅት የምትሸጡ፣ ወደ ውጭ የምትልኩ ወይም ቱሪስት የምታስተናግዱ ከሆነ ግን ያስፈልጋል፤ እነዚያ ሰዎች ቴሌግራም ቻናል አይተው ውል አይፈርሙም።

ስታሠሩ ዶሜኑ፣ ማለትም የድረገጹ አድራሻ፣ በእናንተ ስምና በእናንተ ኢሜይል ይመዝገብ። ይህን የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያ ድረገጻችንን የሠራልን ልጅ ዶሜኑን በራሱ ስም አስመዘገበው። ዓመቱ ሲደርስ ማደሻውን ለመክፈል ብንፈልገው ስልኩ አይሠራም። ስሙ አመለጠን። ካርቶናችን ላይ፣ ፌስታላችን ላይ፣ የሱቃችን በር ላይ የታተመው አድራሻ ወደ ባዶ ገጽ የሚወስድ ሆነ። እናቴ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ በማርከር ስትሰርዝ አመሸች።

ስልኬ ቢሰረቅ ቻናሌ ምን ይሆናል?

ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የሁለተኛ ደረጃ ይለፍ ቃል አብሩ፤ በቴክስት ከሚመጣው ኮድ ሌላ ማለት ነው። ከዚያ የምታምኑትን ሰው፣ ባል ወይም እህት፣ ቻናሉ ላይ ሁለተኛ አድሚን አድርጉ። ሲም ካርዱ በራሳችሁ ስም መሆኑንም አረጋግጡ። በዘመድ ስም የወጣ ሲም ሲጠፋ መልሶ ለማውጣት ዘመድየው ካለበት አገር ድረስ ይፈለጋል።

ደንበኛ የከፈለበትን ስክሪንሹት ልኮልኛል። ዕቃውን ልስጥ?

ስክሪንሹት ክፍያ አይደለም። ምስል ነው፤ ምስል ደግሞ ይቀየራል። ቴሌብርም ይሁን የባንክ ዝውውር ወይም ኤም-ፔሳ፣ ገንዘቡ የራሳችሁ ሂሳብ ውስጥ መግባቱን እዩና ዕቃውን ስጡ። ይሉኝታ ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ቻናሉ ላይ ጻፉት፦ "ክፍያው ሂሳባችን ሲገባ ዕቃው ይወጣል።" ደንብ ከሆነ ማንም አይቀየምም።

መቼ መቼ ልለጥፍ?

አዲስ አበባ ላይ የምትሸጡ ከሆነ የጾምና የበዓል ማስሊያውን ባሕረ ሐሳብ ከጉግል ይልቅ እመኑት። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ መሃል የክትፎ ፎቶ የሚለጥፍ ምግብ ቤት አይቻለሁ። በተቃራኒው ረቡዕና ዓርብ ጠዋት የበያይነቱን ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ለምሳ ሰው አያጣም።

ለበዓል የሚሆን ነገር ስትሸጡ ገዢው የሚወስንበትን ቀን አስቡ። ባልትና ለፋሲካ የሚታዘዘው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ልብስ ከዚያም ይቀድማል። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ለሙሽራ የምትሰፉ ኅዳር ላይ ተናገሩ። የሙስሊም ደንበኞቻችሁ ረመዳንና ዒድ ደግሞ ከእኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁም ጋር አይሄድም፤ ከዓመት ዓመት እየቀደመ ይመጣልና በየዓመቱ እዩት።

ውጭ ያሉ ልጆች ለእናታቸው በዓል የሚያዝዙበት ጊዜ ሌላ ነው። ዋሺንግተን ያለው ሰው ከሥራ ሲወጣ እኛ ተኝተናል። ቴሌግራም ፖስትን ለሌላ ሰዓት ቀጥሮ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ለእነሱ የማድረሻ ሰዓት ስትነግሩ "የኢትዮጵያ አቆጣጠር" የሚለውን ጨምሩ። "ነገ 2 ሰዓት" ያላችኋት ልጅ ከሰዓት በኋላ መስሏት እናቷን ቤት ላታስቀምጥ ትችላለች።

ኮመንት ላይ የሰደበኝን ምን ልበለው?

እውነቱን ከሆነ እዚያው ሁሉ እያየ "ተሳስተናል፣ እንቀይርልዎታለን" በሉና በኢንቦክስ ጨርሱት። ስድብ ብቻ ከሆነ አንድ ጊዜ በጨዋነት መልሱና ተዉት። ኮመንቱን አጥፍታችሁ አትሩጡ፤ ያዩት ሰዎች አሉ።

ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ምን ላድርግ?

ድምፅ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የተሸመደደ ጽሑፍ ስትፈልጉ ነው። አንድ ቃል ከመሃል ስትጠፋ ሁሉም ይጠፋል። አትሸምድዱ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻዋን ብቻ በቃላችሁ ያዙ። መሃሉን በየቀኑ ስትናገሩት ኖራችኋል።

ዕቃውን በእጃችሁ ያዙ። እጅ ሥራ ሲይዝ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ከሰዎቹ መሃል አንድ ፊቱ የፈታ ሰው ፈልጉና ደንበኛ እንደመጣ አድርጋችሁ ለእሱ ንገሩት። ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ተለማመዱ፣ አንዱን ቀን በስልክ ቀርጻችሁ ስሙት። የራስን ድምፅ መስማት ያስጠላል፤ እኔንም ያስጠላኛል። ግን "ማለት ነው" የሚለውን ስንት ጊዜ እንደምትሉ የምታውቁት ያኔ ነው።

ሦስት ደቂቃ ብቻ ሰጡኝ። ምን ልበል?

ብሩህን በመሳሰሉ የንግድ ሐሳብ ውድድሮች ላይ፣ አይስአዲስን በመሳሰሉ ጀማሪ ንግዶችን የሚደግፉ ማዕከላት መድረክ ላይ፣ ወይም ባንክ የብድር ኃላፊ ፊት ስትቆሙ ጊዜው ያጥራል። እኛ ደግሞ ሰላምታ እንወዳለን። "በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ… የተከበራችሁ ዳኞች… ምንም እንኳ ልምዴ አነስተኛ ቢሆንም…" እያልን አንዱ ደቂቃ ያልቃል። አመስግኑ፤ ግን በአንድ ትንፋሽ። ራሳችሁን ዝቅ ማድረጉን ደግሞ ተዉት። ጨዋነት ነው፣ አውቃለሁ። ዳኛው ግን ቃል በቃል ይወስደዋል።

አንድ ቀን እናቴ በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ቆመች። ከእሷ በፊት የቀረቡት ልጆች ስላይዳቸው ያምር ነበር። እሷ ምንም አልነበራትም፤ በስካርፍ የታሰረች ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ብቻ። ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄዳ ክዳኑን ከፈተችው። የበርበሬው ሽታ አዳራሹን ሞላው። አንደኛዋ ዳኛ ዓይኗን ጨፈነች። እናቴም "ይሄ ሽታ የናፈቀው ሰው ብዙ ነው" አለች። ቀጠለች፦ ማን እንደሚገዛት፣ በወር ስንት ኪሎ እንደምትሸጥ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ስንት ቀን እንደሚባክናት፣ ወፍጮ ቢኖራት ስንት ኪሎ እንደምታደርስ፣ ለዚያ ስንት ብር እንደሚያስፈልጋት። ጨረሰች። ደቂቃ ተርፏት ነበር።

ቅደም ተከተሉን እኔ አላስተማርኳትም። ዕቃው፣ ገዢው፣ ችግሩ፣ የምትጠይቁት ነገር። ሰው "ምን ላድርግልሽ?" ብሎ እንዳይወጣ የምትፈልጉትን በቁጥር ንገሩት።

ስላይድ ልሥራ? ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው አማርኛው አራት ማዕዘን ይሆናል።

አራት ማዕዘኑ የሚመጣው በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ያለው የግዕዝ ፊደል በእነሱ ላይ ስለሌለ ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። እንደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ባሉ የዩኒኮድ ፊደሎች ጻፉና ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ያዙ። አንዱን ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላውን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ። መብራት ቢጠፋስ? ያለ ስላይድ መናገር የምትችሉት ከሆነ ምንም አይደል።

ጋይ ካዋሳኪ የሚባል አሜሪካዊ ባለሀብት 10 ስላይድ፣ 20 ደቂቃ፣ 30 የፊደል መጠን የሚል የታወቀ ደንብ አለው። ለሦስት ደቂቃ ሦስት ስላይድ ይበቃችኋል፤ የፊደሉን መጠን ግን አትቀንሱ። ስላይዱን አታንብቡት፤ ማንበብማ እነሱም ይችላሉ።

በአማርኛ ላቅርብ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ዳኞቹ አማርኛ የሚሰሙ ከሆነ በአማርኛ። ጎበዝ የሆናችሁበትን ሥራ ባልለመዳችሁት ቋንቋ ስታቀርቡ ጀማሪ ትመስላላችሁ። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ አፍ የፈታችሁ ከሆነና አድማጩ የሚሰማው ከሆነ በዚያው አቅርቡ።

"ትርፍሽ ስንት ነው?" ሲሉኝ እደናገራለሁ።

ብዙ ሰው ገቢውን ትርፍ ይላል። እስቲ በበርበሬ እንየው። አንድ ኪሎ ዛላ ገዝታችሁ አንድ ኪሎ በርበሬ አታወጡም። ሲቀነጠስ ግንዱ ይወጣል፣ ሲደርቅ ይቀንሳል። ከዚያ ቅመሙ፣ ወፍጮው፣ ፌስታሉ፣ ታክሲው አለ። የእናንተ ጉልበትስ? ሠራተኛ ብትቀጥሩ ትከፍሉ የነበረውን ጻፉ። እነዚህን ሁሉ ከመሸጫው ስትቀንሱ የሚተርፈው እሱ ትርፍ ነው። ለአንድ ኪሎ አስሉትና በቃላችሁ ያዙት። ያን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሌላ ጥያቄ አያስደነግጠውም። ዋጋ ሲጽፍም እጁ አይንቀጠቀጥም።

ባዛር ላይ ቦታ ተከራይቻለሁ። ወጪዬን እንዴት ልመልስ?

የገናና የፋሲካ ባዛር ኪራይ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ወንበሩን ቤት ተዉት። ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ ስልክ የሚነካካ ሰው ጋ ማንም አይቆምም። ከፊት ቁሙ። የሚቀመስ ከሆነ አስቀምሱ፣ የሚለበስ ከሆነ አስለብሱ። ዋጋውን ከሁለት ሜትር በሚነበብ ፊደል ጻፉ፤ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፣ ያልፋል።

የዚያን ቀን የማይገዛው ሰው ይበልጣል፣ እሱን አትጡት። የቻናላችሁን ኪው አር ኮድ በትልቁ አሳትማችሁ ለጥፉ። መቃኘት ለማይወዱት ደብተር አስቀምጡና "ለበዓል ስናዘጋጅ እንንገርዎት?" ብላችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ከስልክ ቁጥራቸው ጎን ምን እንደወደዱ ጻፉ። እናቴ "ሽሮ፣ ሳይበዛ ኮረሪማ"፣ "ሚጥሚጣ፣ ለልጇ ካናዳ" እያለች ነው የምትጽፈው። ባዛሩ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ይዛ ትቀመጥና ትደውላለች። "ኮረሪማውን ቀንሼ አዘጋጅቼልዎታለሁ" ትላለች። ያን ደብተር ከጠረጴዛው ገንዘብ በላይ ትጠብቀዋለች።